የተሸለሙ የአሜሪካ ልቦለዶች፦ የትኛውን ከየትኛው ጋር እናንብብ?

«ሽልማት ካገኙት የአሜሪካ ልቦለዶች የትኛውን ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከአገሪቱ ሁለት ትልልቅ የመጻሕፍት ሽልማቶች አንዱ፣ ፑሊትዘር፣ ለልቦለድ መሰጠት የጀመረው በ1918 ነው። ሁለተኛው፣ ናሽናል ቡክ አዋርድ፣ ደግሞ በ1950 መጣ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከመጀመሪያው ተነስቼ በተራ አነባለሁ የሚል ሰው ብዙም ሳይሄድ ይሰለቻል። ከቀደሙት ተሸላሚዎች ብዙዎቹን ዛሬ አሜሪካውያኑም አያነቧቸውም። የመጀመሪያውን ተሸላሚ፣ የኧርነስት ፑልን «ሂዝ ፋሚሊ»፣ በስም እንኳ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ስለዚህ በዓመት ሳይሆን በጉዳይ ምረጡ። ባርነት፣ ጦርነት፣ ድህነት፣ ስደት፤ የሚስባችሁን አንዱን ያዙ። ከዚያ በዚያው ጉዳይ ላይ የተጻፉ፣ በተለያየ ዘመን የተሸለሙ ሁለት መጻሕፍት አከታትላችሁ አንብቡ። ሽልማት የመጽሐፉን ጥራት ብቻ አይናገርም። በዚያ ዓመት ዳኞቹ ምን ለመስማት ዝግጁ እንደነበሩ፣ የማንን ድምፅ እንዳልሰሙም ይናገራል። ይሄ ደግሞ በአንድ መጽሐፍ አይታይም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታደርጓቸው ነው ቁልጭ ብሎ የሚወጣው።

ፑሊትዘር ወይስ ናሽናል ቡክ አዋርድ?

መጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው ማኅተም የየትኛው ሽልማት እንደሆነ ማየት ይጠቅማል። ፑሊትዘርን የሚያስተዳድረው ኒውዮርክ ያለው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዳኞች እጩዎችን ያቀርባሉ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን ቦርዱ ነው። ቦርዱ የዳኞቹን ምርጫ መጣል ይችላል፤ ጥሎም ያውቃል። በ1941 የሄሚንግዌይ «ፎር ሁም ዘ ቤል ቶልስ» ታጭቶ ሳለ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ኒኮላስ መሪ በትለር አጥብቀው ስለተቃወሙ ዓመቱ ያለ ተሸላሚ አለፈ። በ1974 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ የቶማስ ፒንቾንን «ግራቪቲስ ሬይንቦ» መረጡ፤ ቦርዱ እንቢ አለ። ያው መጽሐፍ በዚያው ዓመት ናሽናል ቡክ አዋርድን ከሌላ መጽሐፍ ጋር ተካፍሎ ወሰደ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የናሽናል ቡክ አዋርድ ዳኞች ራሳቸው ይወስናሉ፤ ከእነሱ በላይ ቦርድ የለም። በዚህም የተነሳ ደፈር ያለ፣ አጻጻፉ ያልተለመደ መጽሐፍ እዚያ የተሻለ ዕድል አለው። ፑሊትዘር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ስለ አሜሪካ ሕይወት የሚተርክ ሥራ ይመርጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንቡ የሚሸለመው ልቦለድ የአገሪቱን ሕይወት መልካም ድባብና የሕዝቡን የላቀ ምግባር እንዲያሳይ ይጠይቅ ነበር። ሲንክሌር ሉዊስ በ1926 «አሮስሚዝ» ሲሸለምለት አልቀበልም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ልቦለድ የመንግሥት ጋዜጣ አይደለም፤ ሉዊስ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ሌላ ልዩነት ልጨምር። ናሽናል ቡክ አዋርድ በ1953 ራልፍ ኤሊሰንን በ«ኢንቪዚብል ማን» ሸለመ። በልቦለድ ዘርፍ ፑሊትዘር የተሰጠው የመጀመሪያው ጥቁር ደራሲ ጄምስ አለን ማክፈርሰን ነው፤ ያም በ1978። በመካከላቸው 25 ዓመት አለ።

ደልቀቅ ያለ፣ ታሪኩ የሚፈስ ልቦለድ የምትፈልጉ ወደ ፑሊትዘር ሂዱ። በቅርጹ የሚያስገርም የምትፈልጉ ናሽናል ቡክ አዋርድን ተመልከቱ። ሁለቱም የተስማሙበትን መጽሐፍ ካገኛችሁ ብዙ ጊዜ አትከስሩም። የአሊስ ዎከር «ዘ ከለር ፐርፕል» በ1983 ሁለቱንም ወስዷል።

ባርነት፦ ከ1937 እስከ 2025

አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጥ ብባል ይሄን እመርጣለሁ። የሽልማቱ ታሪክ እንደዚህ ጉዳይ በግልጽ የሚነበብበት ሌላ ቦታ የለም።

በ1937 የተሸለመው የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው። ብዙ የአማርኛ አንባቢ ያውቀዋል። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ይሄው ነው። ያ ትርጉም ለሥነ ጽሑፋችን ውድ ሥራ ነው፤ በእንዲያ ያለ ቦታ እንዲያ ያለ ትዕግሥት ከየት እንደሚመጣ ሳስበው ይገርመኛል። ስካርሌት ኦሃራም የማትረሳ ሴት ናት። ትራባለች፣ ቤቷ ይዘረፋል፣ ዓለሟ ይፈርሳል፤ እሷ ግን አትበገርም። ለታሰረ ሰው እንዲህ ያለች ገጸ ባሕርይ ምን ማለት እንደሆነች መገመት አይከብድም።

ግን መጽሐፉ የሚያለቅሰው ለማን ነው? ከሺህ ገጽ በላይ የሆነው ይሄ ልቦለድ የሚያዝነው ለጆርጂያ የእርሻ ባለቤቶች ነው። ባሪያዎቹ በጌቶቻቸው ቤት ደስተኛ ሆነው ይታያሉ። ጥቁሮችን ያሸብር የነበረው ኩ ክለክስ ክላን እንኳ ክብርን የሚያስጠብቅ ቡድን ተደርጎ ቀርቧል። በ1937 ይሄ ነገር የፑሊትዘር ቦርዱን አላስጨነቀውም።

ከዚህ መጽሐፍ ጋር መነበብ ያለበት የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» ነው፤ የ1988 ተሸላሚ። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1856 ማርጋሬት ጋርነር የምትባል ሴት ከኬንታኪ ባርነት አምልጣ ሲንሲናቲ ገባች። ያሳደዷት ሰዎች ሲደርሱባት ልጇን ገደለች፤ ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ። ሞሪሰን ከዚህ ተነስታ ሴዝ የምትባል እናት ፈጠረች። ያቺ የሞተች ልጅ ደግሞ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

«ቢላቭድ» ከባድ መጽሐፍ ነው፤ ይሄን አልደብቃችሁም። ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ማን ሕያው ማን ሙት እንደሆነ ግልጽ አይደለም። ታገሡ። ሞሪሰን ሆን ብላ ነው እንዲህ የጻፈችው፤ ሰዎቹ ሊያስታውሱት የማይችሉትን ነገር በቀጥታ ሊናገሩት አይችሉም። መጽሐፉ ከመሸለሙ በፊት ናሽናል ቡክ አዋርድን አጥቶ ነበር። በጥር 1988 ደግሞ 48 ጥቁር ጸሐፊዎችና ሐያስያን በኒውዮርክ ታይምስ የመጻሕፍት እትም ላይ መግለጫ አወጡ። ሞሪሰን ከሁለቱ ትልልቅ ሽልማቶች አንዱም እስካሁን አልተሰጣትም አሉ። ታላቁ ጥቁር ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን አንዱንም ሳያገኝ በዚያው ሰሞን ማረፉንም አስታወሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፑሊትዘር መጣ። በ1993 ደግሞ የኖቤል ሽልማት።

ከዚያ ወዲህ በዚሁ ጉዳይ ከተሸለሙት ልቦለዶች ሦስቱን ላንሳ፤ ሦስቱም በጣም ይለያያሉ።

የኤድዋርድ ፒ. ጆንስ «ዘ ኖውን ወርልድ» (2004) የሚያስደነግጥ ጥያቄ ያነሳል። ሄንሪ ታውንሴንድ ጥቁር ነው፤ በባርነት ተወልዶ አባቱ ነፃነቱን ገዝቶለታል። ሲያድግ ግን እሱ ራሱ ባሪያ ይገዛል። ቦታው በልብ ወለድ የተፈጠረ የቨርጂኒያ አውራጃ ነው። እንዲህ ያሉ ጥቁር ባለንብረቶች ግን በታሪክ ነበሩ። ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ናቸው፤ ስማቸውን ወረቀት ላይ እየጻፉ ማንበብ ይረዳል። በኔ ግምት ከሦስቱ ጥልቁ ይሄ ነው። የባርነት ሥርዓት ክፉ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ሕግ አክባሪዎችንም እንዴት እንደሚያበላሽ ከዚህ የተሻለ ያሳየ መጽሐፍ አላነበብኩም።

የኮልሰን ኋይትሄድ «ዘ አንደርግራውንድ ሬይልሮድ» በ2016 ናሽናል ቡክ አዋርድን፣ በ2017 ፑሊትዘርን አግኝቷል። በታሪክ ይሄ ስም የሚያመለክተው ባሪያዎችን ወደ ሰሜን የሚያሸሹ ሰዎችን ምስጢራዊ መረብ ነው። ኋይትሄድ ግን ከመሬት በታች እውነተኛ ሐዲድና ባቡር አደረገው። ኮራ የምትባል ወጣት ከጆርጂያ ተነስታ ከግዛት ወደ ግዛት ትሸሻለች፤ እያንዳንዱ ግዛት ሌላ ዓይነት ጭካኔ ይዞ ይጠብቃታል። እያሳደደ የሚያስነብብ መጽሐፍ የምትፈልጉ ከሆነ ይሄን ያዙ።

የቅርቡ የፐርሲቫል ኤቨረት «ጄምስ» ነው፤ በ2024 ናሽናል ቡክ አዋርድን፣ በ2025 ፑሊትዘርን ወሰደ። ማርክ ትዌይን በ«ሃክልቤሪ ፊን» ውስጥ ጂም ብሎ የጠራውን ባሪያ ያስታውሳሉ ያነበቡት። ኤቨረት ያንኑ ታሪክ በጂም አንደበት ይተርካል። ጂም ማንበብና መጻፍ ያውቃል፣ ፍልስፍና ያነባል። ባሪያዎቹ እርስ በርስ የተስተካከለ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ነጭ ሲመጣ ግን አነጋገራቸውን ያኮላትፋሉ፤ ነጮቹ የሚጠብቁት ያን ስለሆነ፣ የማይፈሩትም ያን ስለሆነ። ጂም ለልጆች ይሄን አነጋገር የሚያስተምርበት ክፍል አለ። በጉልበተኛ ፊት አንገቱን ደፍቶ መናገር የነበረበት ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ምርጫው እንዲህ ነው። እንግሊዝኛችሁ ብዙ ካልጠነከረ «ጄምስ»ን ውሰዱ፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ታሪኩም ይፈስሳል። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በአማርኛ ያነበበ ሰው ቀጥሎ «ቢላቭድ»ን ሳያነብ እንዳይቀር አደራ እላለሁ። ረጅም ክረምት ያለው ደግሞ «ዘ ኖውን ወርልድ»ን ይጨምር።

ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት

ሃርፐር ሊ በ«ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» በ1961 ተሸለመች። አላባማ ውስጥ በ1930ዎቹ፣ ቶም ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር ሰው ነጭ ሴት ደፈርክ ተብሎ በሐሰት ይከሰሳል። አቲከስ ፊንች የሚባል ነጭ ጠበቃ ይከራከርለታል። ታሪኩን የምትነግረን የጠበቃው ትንሽ ልጅ ስካውት ናት። ቋንቋው ቀላል ነው፤ ለወጣቶች ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ብዙ አይገኝም።

ሆኖም ልብ በሉ፦ ቶም ሮቢንሰንን ከፍርድ ቤቱ ውጪ ሲናገር አንሰማውም ማለት ይቻላል። ጥሩው ሰው ጠበቃው ነው፣ የምንከተለው ቤተሰብ የጠበቃው ነው። የኋይትሄድን «ዘ ኒክል ቦይስ» (2020) ከሱ ቀጥሎ ስታነቡ የጎደለው ይታያችኋል። ኤልውድ ከርቲስ በፍሎሪዳ የሚኖር፣ የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግር በሸክላ እየሰማ ያደገ ታዳጊ ነው። ባላጠፋው ጥፋት የልጆች ማረሚያ ትምህርት ቤት ይገባል። መነሻው ማሪያና ከተማ የነበረው የዶዚየር ትምህርት ቤት ነው። ተቋሙ በ2011 ከተዘጋ በኋላ ተመራማሪዎች ከ50 በላይ መቃብሮች ግቢው ውስጥ አግኝተዋል። መጽሐፉ አጭር ነው፣ ከ250 ገጽ ብዙም አይርቅም። መጨረሻው ግን እስከዚያ ያነበባችሁትን ሁሉ ዞራችሁ እንድታዩ ያስገድዳል። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ሊን፣ ለአዋቂ ኋይትሄድን እመክራለሁ።

ድህነት

ጆን ስታይንቤክ በ«ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» በ1940 ተሸለመ። ድርቅና አቧራ መሬታቸውን ያጠፋባቸው፣ ባንክ የነቀላቸው የኦክላሆማ ገበሬዎች ናቸው ባለታሪኮቹ። የጆድ ቤተሰብ በአሮጌ መኪና ወደ ካሊፎርኒያ ይጓዛል፤ ሥራ ሞልቷል ተብሎ። እዚያ የሚጠብቃቸው ረሃብና የፖሊስ ዱላ ነው። መጽሐፉ በወጣበት በ1939 ካሊፎርኒያ የሚገኘው ከርን አውራጃ ከቤተ መጻሕፍትና ከትምህርት ቤት እንዲወጣ አግዶት ነበር።

የዚህ ጥንድ የባርባራ ኪንግሶልቨር «ዲመን ኮፐርሄድ» ነው። በ2023 ከኸርናን ዲያዝ «ትረስት» ጋር ሽልማቱን ተካፍሏል። ቨርጂኒያ ተራሮች ውስጥ ያለ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ታሪኩን ራሱ ይናገራል። የዲከንስን «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ወደ ዛሬ ያመጣ መጽሐፍ ነው። እዚህ ሰዎቹን የሚያጠፋው ድርቅ አይደለም፤ በሐኪም የሚታዘዝ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ነው። ኦክሲኮንቲን ገበያ ላይ ከዋለበት ከ1996 ወዲህ እነዚያ የማዕድን ሠራተኞች አካባቢዎች ምን እንደሆኑ ጋዜጣ ከሚነግረን በላይ ይነግረናል።

ስታይንቤክ የሕዝብ ታሪክ ይጽፋል፣ ኪንግሶልቨር የአንድ ልጅ። ስታይንቤክ በየመሃሉ የቤተሰቡን ጉዞ አቁሞ ስለ መሬት፣ ስለ ባንክ፣ ስለ መንገድ የሚናገርባቸው ምዕራፎች አሉት። አንዳንድ አንባቢ ይዘላቸዋል፤ እባካችሁ አትዝለሏቸው። የዲመን ድምፅ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይይዛል፤ ነገር ግን በመንገድ ቋንቋ የተሞላ ስለሆነ በመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ለተማርን ሰዎች አንዳንዴ ያስቸግራል። በድምፅ የተቀዳውን መስማት ይረዳል።

ጦርነት፣ ባጭሩ

የማይክል ሻራ «ዘ ኪለር ኤንጀልስ» (1975) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተደረገውን የጌቲስበርግን ውጊያ፣ የሐምሌ 1863ን፣ ከሁለቱም ወገን አዛዦች ዓይን ያሳያል። የውትድርና ታሪክ የሚወድ ሰው ይደሰትበታል። የቪየት ታን ንጉየን «ዘ ሲምፓታይዘር» (2016) ደግሞ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ የነበረችውን የሳይጎንን መውደቅ በአንድ የኮሚኒስት ሰላይ ኑዛዜ ይተርካል። የመጀመሪያው ስለ ክብር ነው። ሁለተኛው ሁለት አገር፣ ሁለት ወገን ውስጥ ተይዞ ስለሚቀደድ ሰው ነው። ለኔ ሁለተኛው ይበልጣል። ከ1974ቱ (በኛ አቆጣጠር የ1966) አብዮት በኋላ በርዕዮተ ዓለም ስም ወንድም ከወንድም የተላለቀበትን ዘመን ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ የሚያስበው ነገር ይሰጠዋል።

ጊዜ ለሌለው

የሄሚንግዌይ «ዚ ኦልድ ማን ኤንድ ዘ ሲ» (1953) መቶ ምናምን ገጽ ናት። 84 ቀን ዓሣ ያልያዘ ኩባዊ ሽማግሌ ብቻውን ባሕር ይወጣል፤ በቃ ይሄው ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ስለሆኑ እንግሊዝኛ ለሚለማመድ ሰውም ትሆናለች። ጨለምተኛ ነገር የማይከብደው ደግሞ የኮርማክ ማካርቲን «ዘ ሮድ» (2007) ይሞክር። ዓለም ከጠፋች በኋላ አባትና ልጅ በእግር ሲጓዙ የሚያሳይ ነው። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ግን ማታ ማታ ባታነቡት ይሻላል።

ስደት

ይሄ ክፍል ለኛ በተለይ ቅርብ ነው። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚኒያፖሊስ የምትኖሩ ወገኖች የራሳችሁን ሕይወት የምታዩባቸው መጻሕፍት እዚህ አሉ።

የጁምፓ ላሂሪ «ኢንተርፕሪተር ኦፍ ማላዲስ» (2000) ዘጠኝ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። የሕንድ ስደተኞች በቦስተን አካባቢ፤ ዝምተኛ ትዳሮች፣ ብቸኛ ምሽቶች። የመጨረሻው ታሪክ አዲስ የመጣ ሰው በአንዲት አሮጊት ቤት ክፍል ተከራይቶ ስለሚያሳልፋቸው ቀናት ነው። እሱን ብቻ ለማንበብም መጽሐፉን መግዛት ያዋጣል። የጁኖት ዲያዝ «ዘ ብሪፍ ወንድረስ ላይፍ ኦፍ ኦስካር ዋው» (2008) ደግሞ ጩኸት ነው። ኒው ጀርሲ ያደገ የዶሚኒካን ቤተሰብ ልጅ፣ ከቤተሰቡ ጀርባ ደግሞ ከ1930 እስከ 1961 አገሪቱን የረገጠው አምባገነኑ ትሩሂዮ አለ። ቤተሰቡ የወረደበትን መከራ በእርግማን ይተረጉመዋል። ስፓኒሽ ይቀላቅላል፣ ረጃጅም የግርጌ ማስታወሻ አለው፣ ይሳደባል። ላሂሪ ለወላጆች ትሆናለች፣ ዲያዝ እዚያው ተወልዶ ላደገው ልጅ።

ከነዚህ ጋር የፑሊትዘር ተሸላሚ ያልሆነ አንድ መጽሐፍ ልጨምር። አዲስ አበባ የተወለደው ዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልቦለዱን «ዘ ቢውቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ»ን በ2007 አሳተመ፤ በእንግሊዝ የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አገኘበት። በ2012 ደግሞ ለላቀ የፈጠራ ችሎታ የሚሰጠው ማክአርተር ፌሎሺፕ ተሰጠው። ከአብዮቱ የሸሸው ሴፋ ስቴፋኖስ ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለው። ከኮንጎና ከኬንያ የመጡ ሁለት ጓደኞቹ እየመጡ አብረውት ይቀመጣሉ። የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥቶችና አምባገነኖች በስም እየጠሩ ይጫወታሉ። ሰፈሩ ሲለወጥ፣ ሀብታሞች ሲገቡ፣ ሱቁ ምን ይሆናል? ዲሲ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሠራ ሰው ጥያቄውን ያውቀዋል።

በሽልማቱ ደንብም አንድ ለውጥ መጥቷል። ፑሊትዘር በልቦለድ ዘርፍ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ ሲሰጥ ቆይቷል። ከ2025ቱ ሽልማት ጀምሮ ግን ቋሚ ነዋሪዎችና አገሪቱን ለረጅም ጊዜ መኖሪያቸው ያደረጉ ደራሲዎችም መወዳደር ይችላሉ። በግሪን ካርድ የሚኖር፣ መሳቢያው ውስጥ ያላለቀ ልቦለድ ያለው ሰው ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

በዚህ ክፍል ቅደም ተከተል ብትጠይቁኝ ዲናውን አስቀድሙ፤ ቦታውንም ሰዎቹንም ስለምታውቋቸው እንግሊዝኛው አይከብዳችሁም። ቀጥላችሁ ላሂሪን፣ በመጨረሻ ዲያዝን። ቤት ውስጥ ኮሌጅ የገባ ልጅ ካለ ደግሞ ዲያዝን ለሱ ስጡትና እናንተ ላሂሪን ያዙ። ስትጨርሱ ተለዋወጡ።